ጣዎስና ቁራ ታረቁ ወይ?

«ከዚህ ተረት ምን ተማራችሁ?» የሚለውን ጥያቄ መጀመሪያ የጠየቀው ሰው ማን ይሆን? እኔ ይህን ሰውዬ በሐሳቤ ስፈልገው ዓመታት አለፉ። ክፉ ሰው አይመስለኝም። ምናልባት ተረቱ ሲያልቅ የሚመጣው ዝምታ ያስፈራው ይሆናል። ግን ያኔ ዝም ብሎ ቢሆን ኖሮ እኔ ዛሬ ሰው ፊት ቆሜ ስሜን ለመናገር ባላላበኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሁለተኛ ክፍል እያለሁ መምህራችን ጓደኛውን ለጅብ ጥሎ ስለሸሸ ፍየል ተረቱልን። ሲጨርሱ «ምን ተማራችሁ?» አሉ። ልጁ ሁሉ «ጓደኛን አለመካድ!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን እጄን አውጥቼ ተነሳሁና «ቲቸር፣ ፍየሉ ያን ሌሊት እንቅልፍ ወሰደው?» አልኳቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። መምህሩም ሳቁ። ተቀመጥኩ። እንደተቀመጥኩ ዩኒቨርሲቲ ገባሁ፤ እንደተቀመጥኩ በሥነ ጽሑፍ ተመረቅኩ። «ዝምታ ወርቅ ነው» ይላሉ። ወርቅ ቢሆን ኖሮ እኔ እስካሁን ቆቦ ላይ ፎቅ ሠርቼ ነበር።

ተመርቄ ስመለስ አንድ ትምህርት ቤት ግብረ ገብ እንዳስተምር ጠየቀኝ። ደስ አለኝ። መጽሐፉን ተቀብዬ ገለጥኩት። ከእያንዳንዱ ተረት ሥር ያች ጥያቄ ቁጭ ብላለች! መጽሐፉን መልሼ ሰጠኋቸው። ርዕሰ መምህሩ ደግ ሰው ናቸው፤ «ሐሳብሽን ስትቀይሪ ነይ፣ ክፍለ ጊዜው የትም አይሄድም» አሉኝ።

ሥራ ፈትቼ መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ እትዬ ዘሐራ አስጠሩኝ። እትዬ ዘሐራ ጎረቤታችን ናቸው። ግቢያቸው ሰፊ ነው፤ ድምፃቸው ደግሞ ከግቢያቸው ይሰፋል። የውሃ ጉድጓድ የሚያስቆፍር ህንዳዊ ኢንጂነር ከነቤተሰቡ ተከራይቷቸዋል። «ሴትዮዋ አማርኛ አትችል፣ እኔ እንግሊዝኛ አልችል። በእጅ ስናወራ ክንዴ ዛለ፣ ወላሂ! አንቺ የተማርሽው ለምን ቀን ነው?» አሉኝ። ልጅቷን አማርኛ ላስተምር፣ ለእናትየው ላስተረጉም ገባሁ።

እናትየው ሱኒታ ትባላለች። ልጅቷ ዲፓ ናት፤ የፊት ጥርሶቿ ገና እየበቀሉ ነው። አማርኛውን ያስተማራት ግን ግቢው እንጂ እኔ አይደለሁም። እኔ «ይህ መጽሐፍ ነው» ስላት እሷ «ኧረ ተይ አቦ!» ማለት ጀምራ ነበር።

ሱኒታ አመሻሽ ላይ በረንዳው ጥግ ትንሽ መብራት ታበራለች። ግድግዳው ላይ የአማልክቷ ሥዕል አለ፤ ሥሩ አበባ ታስቀምጣለች። ከዚያ ዲፓን አጠገቧ አስቀምጣ ጸሎት ታስተምራታለች። እናት አንድ ስንኝ ትላለች፣ ልጅ ትደግማለች። ጸሎቱ ሲያልቅ ተረት ይቀጥላል። ባሏ የሚውለው መስክ ላይ ነው፣ ዘመዶቿ ባሕር ማዶ ናቸው። ለልጇ አገሯን የምታሳያት በዚያች መብራት ብቻ ነው።

የቆቦን ሙቀት የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ያን ሰዓት ቤት ውስጥ የሚቀመጥ ልጅ የለም። እና የግቢው ልጆች በረንዳው ሥር ይኮለኮላሉ። ከሁሉ ፊት የእትዬ ዘሐራ የልጅ ልጅ ሰዒዳና የጎረቤቱ ልጅ ኪዳኔ አሉ። አንድ ቀን ሰዒዳ ቀሚሴን ጎትታ «ምን እያለች ነው?» አለችኝ። ሱኒታን ጠይቄ በጆሮዋ ነገርኳት፤ ለሁሉም ጤና ይሁን፣ ለሁሉም ሰላም ይሁን እያለች ነው አልኳት።

ሰዒዳ ሁለት እጇን ዘርግታ «አሚን!» አለች። ኪዳኔ «አሜን!» ብሎ ተከተላት። ከዚያ የቀሩት ሁሉ።

ሱኒታ ደነገጠች። «ተቆጡ እንዴ?» አለችኝ። እንዴት ብዬ ላስረዳት? ወሎ ውስጥ ሰው ሲመርቅ ከየት መጣህ አይባልም። እጅ ይዘረጋል፣ አሚን ይባላል። አሚን ያላገኘ ምርቃት እኛ ዘንድ አየር ላይ እንደቀረ ነገር ነው። ይህን ስነግራት ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዲፓ ከየስንኙ በኋላ ለአሚኑ ቆም ትል ጀመር። ልጆቹ ካልመጡ ደግሞ ትጠብቅ ትጠብቅና ራሷ አሚን ብላ ትቀጥላለች።

ማጉረምረም አልጠፋም። አንዲት ጎረቤት መጥተው «ልጆቻችንን ሃይማኖት እያስቀየረቻቸው እንዳይሆን» አሉ። እትዬ ዘሐራ ከበራቸው ሳይነሱ ነው የመለሱላቸው፦ «የእሷን ለልጇ ታስተምራለች። የኛዎቹ አሚን ይላሉ። አሚን ማለት ሃይማኖት የሚያስቀይር ከሆነማ ወሎ ስንቴ ተቀይሮ ነበር!» ጎረቤትየዋ ሳቁና ወሬው እዚያው ቀረ።

ጭንቁ የመጣው በተረቱ ነው። ሱኒታ የጣዎስንና የቁራን ተረት ነገረቻቸው፤ እኔ በዚያች ሽቅብ በማትወጣ ድምፄ አስተረጎምኩ። ጣዎስና ቁራ አንድ ዛፍ ላይ ጎረቤት ነበሩ። ቁራዋ ምግብ ፍለጋ ስትሄድ እንቁላሎቿን አደራ ብላ ለጣዎሱ ሰጠችው። ዝናብ መጣ። ጣዎስ ነጎድጓድ ሲሰማ አያስችለውም፤ ጅራቱን እንደ ጃንጥላ ዘርግቶ ሊጨፍር ወረደ። እባብ መጥቶ እንቁላሎቹን በላ። ከዚያ ወዲህ ቁራና ጣዎስ አይነጋገሩም። አለቀ።

ከዚያ ሱኒታ ምን ብትል ጥሩ ነው? «ምን ተማራችሁ?» ያ በሐሳቤ የምፈልገው ሰውዬ ህንድም ደርሷል ማለት ነው! እኔ አንገቴን ደፋሁ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ አደራ የተቀበለ አይጨፍርም። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ» የሚል አገር ልጅ ይህን ያጣዋል?

ኪዳኔ ግን «ከዚያስ ታረቁ?» አለ።

ሱኒታ ተረቱ አልቋል አለች። «ሳይታረቁ እንዴት ያልቃል?» አለች ሰዒዳ። ኪዳኔ ሽማግሌ ይላክ አለ። ሌላው ጣዎሱ ጉማ ይክፈል አለ፤ ጉማ እኛ ዘንድ የደም ካሳ ነው። ሌላዋ ደግሞ እባቡም ይጠራ ብላ ቀወጠችው። አትሳቁባቸው። የኛ ልጆች ያልታረቀ ጠብ ምን እንደሚያመጣ በዓይናቸው አይተዋል። አንድ ቤት ደም ከገባ አገር ሙሉ ሽማግሌ ተነስቶ እስኪያስታርቅ እንቅልፍ እንደሌለ ያውቃሉ። ጠብ ላይ የሚያልቅ ተረት ለእነሱ ጣራ የሌለው ቤት ነው።

ዲፓም ተረቱን ስትደግም «ከዚያ ሽማግሌዎች መጡ» ማለት ጀመረች። ሱኒታ ይህን ስትሰማ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ የነገረችኝ ያኔ ነው። የባሏ እናት፣ የዲፓ አያት፣ ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ልጅቷ የቤተሰቡን ጸሎትና ተረት ባዕድ አገር ትረሳለች ብለው ይሰጋሉ። እናም የመብራት በዓላቸው ዕለት በስልክ ሊሰሟት ቀጠሮ ይዘዋል። ሳትሳሳት ካልወጣችው ዲፓ ወደ አያቷ ሄዳ እዚያው ታድጋለች። ባሏም እናቱን እምቢ አይልም። «እኔ እዚህ፣ ልጄ እዚያ» አለችኝ ሱኒታ።

ልጆቹን ሰብስቤ የዚያን ቀን አሚን የለም፣ «ታረቁ ወይ?» ማለትም የለም አልኳቸው። ሰዒዳ አሰበችና «በልቤስ?» አለች። በልብሽ ይቻላል አልኳት።

በዓሉ ማሽላው ሲያሽት ደረሰ። እነሱ ዘንድ ሲመሽ እኛ ዘንድ ገና ፀሐይ አለ። ሱኒታ መብራቶቹን በረንዳው ላይ ደረደረች። ስልኩ በቪዲዮ ተደወለ፤ አያትየው ብቅ አሉ፤ ነጭ ፀጉር፣ ወፍራም መነጽር። በመስኮት እንደሚያዩ ሁሉ ግቢውን በሙሉ ያዩናል። ዲፓ የመጀመሪያውን ስንኝ አለች። ቆመች። ልጆቹ ከንፈራቸውን ነክሰዋል፤ የኪዳኔ ጉንጭ ተነፍቶ ሊፈነዳ ነው። ዲፓ ጠበቀች። ምንም የለም። ዞር አለችና ጥርት ባለ የቆቦ አማርኛ «ኧረ በሉ እንጂ!» አለቻቸው።

«አሚን!» ግቢው ተናጋ። ከሁሉ የጎላው ደግሞ ከበራቸው ላይ የእትዬ ዘሐራ ነበር።

ስልኩ ውስጥ ያሉት ሴትዮ ፊታቸው ተቀየረ። እነማን ናቸው እነዚያ ብለው ጠየቁ። ሱኒታ ወደ እኔ አየች። እኔስ? ሰው ፊት ስሜን መናገር የማልችለው እኔ! እጄ ግን ስልኩን ያዘ። በእንግሊዝኛ፣ እያላበኝ፣ የዲፓ አስተማሪ ነኝ አልኳቸው። በእኛ አገር ሰው ለሁሉም መልካም ሲለምን አጠገቡ ያለ ዝም ማለት ነውር ነው፤ እነዚህ ልጆች የእርስዎን ጸሎት ያለ መልስ መተው ስላልቻሉ ነው አልኳቸው።

«ሁሉም ይመልሳሉ?» አሉ። ሁሉም አልኩ። «እኔ እዚህ ለልጅ ልጆቼ ስጸልይ አንዱም ከስልኩ ቀና አይልም» አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ከዚያ ዲፓን እንደገና ጀምሪ አሏት። በዚህኛው ዙር በየስንኙ መጨረሻ እጃቸውን ከፍ አድርገው አሚኑን ያስጀመሩት እሳቸው ናቸው፤ መምህርት ናቸዋ!

ተረቱም ቀጠለ። ዲፓ በፍርሃት አያቷ እንደሚወዱት አድርጋ ያለ ሽማግሌ ጨረሰችው። እፎይ ልንል ስንል ኪዳኔ አላስቻለውም፤ ስልኩ ላይ አፉን ደቅኖ «እማማ፣ ታረቁ ወይ?» አለ። አስተረጎምኩ። ሴትዮዋ ይህን ተረት ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲናገሩ እንዲህ ብሎ የጠየቃቸው ልጅ እንደሌለ ነገሩን። ሌላም ነገር ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ኔትወርኩ ተቆረጠ።

ያን ሌሊት ሱኒታን እንቅልፍ ወስዷት እንደሆነ እሷ ትንገራችሁ። በማግስቱ ስልኩ ሲጮህ ግቢው ሁሉ ተሰበሰበ። ሴትዮዋ ዲፓን አልጠሩም። «ያ ጠያቂው ልጅ የታል?» አሉ። ኪዳኔ በሰው ትከሻ ላይ ሆኖ ቀረበ። አስበውበታል። ሽማግሌው ዔሊ መካከል ገባ አሉ። ጣዎሱ ጥፋቱን አመነ። ካሳውም ይህ ሆነ፤ ቁራዋ ዳግም ስትጥል ጣዎሱ አንድ ክረምት ሙሉ፣ ነጎድጓዱ እየጠራው፣ አንዴም ሳይጨፍር ጅራቱን ዘርግቶ ጎጆዋ ላይ ቆመላት። ጫጩቶቹ ዝናብ ሳይነካቸው አደጉ።

ማንም ምን ተማራችሁ አላለም። ሰዒዳ «አሚን» አለች፣ ቀስ ብላ።

ከዚያ አያትየው ሱኒታን ጠሯት። ምን እንዳሏት ሱኒታ ዓይኗን እየጠረገች ነገረችን፦ «ዲፓ እዚያው ትቆይ። እዚህ ብትመጣ ማን አሚን ይላታል?» እትዬ ዘሐራ ይህን ስተረጉምላቸው «አልሐምዱሊላህ! ድሮስ የሰው ልጅ ከአሚን ተነጥሎ ያድጋል?» አሉና ለሱኒታ ክንዳቸው እስኪዝል አጨበጨቡላት።

እኔም ወስኛለሁ። ሰኞ ሄጄ ርዕሰ መምህሩን የግብረ ገቡን ክፍለ ጊዜ ስጡኝ እላቸዋለሁ። ማላቤ አይቀርም፤ እያላበኝ እናገራለሁ። የፈተናውንም ወረቀት ከወዲሁ አውጥቻለሁ። አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ «ታረቁ ወይ? ካልታረቁ አስታርቋቸው።» መኮራረጅ ይፈቀዳል፤ ብቻውን ያስታረቀ ሽማግሌ የትም አላየሁም።