ኮፍያ ያጠለቀው ሰ

ትናንት ሌሊት ሞኒተሬን ላስጠግነው ወይስ ልቀይረው የሚለውን ሳልወስን ተኛሁ፤ በሕልሜ ደግሞ ሞኒተሬ እኔን ላስጠግናት ወይስ ልቀይራት ብሎ ሲጨነቅ አየሁት።

አስቀድሜ የሞኒተሩን ሕመም ልንገራችሁ። ከጎን እስከ ጎን አንድ ጥቁር መስመር አውጥቷል። መስመሩ ፊደላቱ አናት ላይ ሲያርፍ ኮፍያ ያለብሳቸዋል። ሰ ሸ ይመስላል፣ ተ ቸ ይመስላል፣ ዳቦ ብዬ የጻፍኩት ጃቦ ሆኖ ቁጭ ይላል። ግራ ጉንጩን በጥፊ ስለው ለጊዜው ይሻለዋል። ሰፈራችን ውስጥ ሬዲዮና ቴሌቪዥን የሚጠግነው ቶፊቅ መጥቶ አየውና፣

"ሰናይት፣ ይሄ ነገር አይሆንሽም። ለቆራሌው ስጪውና ሌላ ግዢ። አንድ ቀን ስምሽን ያጠፋዋል" አለኝ።

"አንተ ኮርስ ገብተህ ያልገባህን እኔ በዚህ ሞኒተር ብቻዬን ተምሬበታለሁ" አልኩት። "ኮፍያው የፊደሉ ይሁን የሞኒተሩ ዓይኔን ጨፍኜ እለያለሁ።"

"እሱማ፣ የምትሠሪው ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው" ብሎኝ ሄደ።

ደንበኛ ወደ ጽሕፈት ሱቄ የሚመጣው ከሰናይት እጅ ስህተት አይወጣም እየተባለ ነው። ያለኝም ይኸው ስም ነው። ትናንት የትምህርት ቤቱን ባነር ጽፌ ለማተሚያ ቤቱ ልኬ ነበር፤ "ቦታቸውን ለትምህርት ቤታችን የሰጡ ደግ አባት፣ አቶ ክንፈሚካኤል" የሚል። "የሰጡ" ላይ ያለው ሰ ኮፍያ አድርጎ ነበር፤ የሞኒተሩ ነው ብዬ አለፍኩት።

እናላችሁ፣ በሕልሜ እኔ ጠረጴዛው ላይ ነኝ፣ ሞኒተሩ ወንበሬ ላይ። ተረከዜ ላይ ገመድ ተሰክቷል። ሞኒተሩ ግራ ጉንጬን በጥፊ አጮለኝና፣ "አሁን ትንሽ ጠራች" አለ ለራሱ። ከዚያ በብርድ ልብስ ጠቅልሎ ተሸክሞኝ ወጣ።

መንገድ ላይ ባጃጆች ሰው ጀርባ ላይ ተሳፍረው "ወራጅ አለ" ይላሉ። ገበያው ጋ በጎች የበግ ነጋዴውን ወገብ እየዳበሱ ከሲታ ነው፣ ወፍራም ነው እያሉ ይከራከራሉ። ነጋዴው ዝም ብሎ ሣር ያኝካል።

ቶፊቅ ሱቅ ደረስን። ቶፊቅ ራሱ ጀርባው ተከፍቶ በደረቱ ተኝቷል። አንድ አሮጌ ሬዲዮ መፍቻ ይዞ ይጎረጉረዋል።

"ሰናይት፣ ደህና ነሽ? ብሎኔን አይተሻል?" አለኝ ቶፊቅ።

ሬዲዮው እሱን ትቶ ወደ እኔ ዞረ። "ምኗን ነው?"

"በየፊደሉ ላይ ኮፍያ ይታያታል" አለ ሞኒተሬ።

"ማን ነው የገጣጠማት?"

"ራሷን በራሷ ነው የገጣጠመችው።"

ሬዲዮው ክንዴን አንሥቶ ብብቴን አየ። ማጅራቴንም ገለጥ አድርጎ አየ። "የፋብሪካ ቁጥር የላት፣ ማኅተም የላት። የእንደዚህ ዓይነቷ መለዋወጫ አይመጣም። ቀይራት።"

የምትቀየረውስ አንተ ልለው አፌን ስከፍት፣ ነገ መብራት የሚጠፋባቸው ሰፈሮች ዝርዝር ከአፌ ወጣ።

ሬዲዮው ከመደርደሪያው ላይ አንዲት አዲስ ልጅ አወረደ። ቀጭን ናት። ፕላስቲኳ ገና አልተላጠም፤ ግንባሯ ላይ ዋስትናዋ ተለጥፏል።

"ታነባለች?" አለ ሞኒተሬ።

"የሰጧትን ሁሉ። መልስ ደግሞ አትሰጥም።"

"ይቺኛዋ ትመልሳለች" አለ ሞኒተሬ። እያመሰገነኝ ይሁን ስሞታ እያቀረበብኝ አልገባኝም።

"እንፈትናቸዋ" አለ ሬዲዮውና ግድግዳው ላይ "የሰጡ" ብሎ ጻፈ። አዲሷ ልጅ ፈገግ ብላ "የሰጡ" አለች። የእኔ ተራ ሲደርስ ጥቁሩ መስመር ከጣሪያው ወርዶ ቅንድቤ ላይ አረፈ።

"የሸጡ" አልኩ።

"ስምሽስ ማን ነው?"

"ሸኛይች።" ሰናይት ልል ነበር፤ ምላሴም ኮፍያ አጥልቋል።

"ይኸው፣ ሸኙኝ እያለች ነው" አለ ሬዲዮው።

ወዲያው ደጁ ላይ አንዲት አህያ ጆንያ አንግታ ቆመች። "ቆራሌው" ትላለች። "አሮጌ ዘበኛ፣ የተሰነጠቀ ሽማግሌ፣ ባዶ ሥራ አስኪያጅ ያላችሁ።" እኔን ከላይ እስከ ታች አየችና አንዲት የፕላስቲክ ሳፋ አወጣች፤ በእኔ ለውጥ መሆኑ ነው። ሳፋዋ ደግሞ ቀዳዳ ናት።

"ቆይ፣ አንዴ ብቻ ልሞክራት" አለ ሞኒተሬ። እጁን አነሣ። ጥፊው ሳያርፍ ነቃሁ።

ደጄ ላይ የእውነቱ ቆራሌው ይጮሃል። ስልኬም ይጮሃል። የትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር ናቸው።

"ሰናይት፣ ባነሩ ተሰቅሏል" አሉኝ።

"ደስ ይላል፣ ጋሼ።"

"'ቦታቸውን ለትምህርት ቤታችን የሸጡ' ነው የሚለው።"

ስልኩን ጆሮዬ ላይ እንደያዝኩ ሞኒተሩን አበራሁት። ዛሬ ያለ ጥፊ በራ። ጽሑፉን ከመስመሩ ወደ ታች አወረድኩት። ኮፍያው አብሮት ወረደ።

"ሰው አይቶታል?" አልኳቸው።

"ያላየ የለም። አቶ ክንፈሚካኤልም መጥተው ከሥሩ ቆመው አነበቡት። ወዲያው መኪናቸውን አስነሥተው ሄዱ።" ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ስለ ሽያጩ የምናውቀው እኔና እሳቸው ብቻ ነን። አንቺ ልጅ፣ ማን ነገረሽ?"

ቆራሌው በሬን አንኳኳ። "እህት፣ አሮጌ ዕቃ፣ የተበላሸ ኮምፒውተር የለም?"

"የለም" አልኩት።