ሊቀ ሌንስና የእናቴ ወንበር

ፎቶ ስታሳዩት ፎቶውን የማያይ ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። ልጃችሁ የመጀመሪያ ጥርሷን አውጥታ ስትስቅ ታሳዩታላችሁ፤ እሱ «ዋናውን ፋይል ላክልኝ» ይላል።

እኛ ፎቶ ቤት ያለውን ሊቀ ሌንስ ብዬዋለሁ። ሥራው ፎቶ ማስተካከል ነው፤ ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ ጋር ገጥሟል፤ አሥራ አንድ ዓመት አንጀቴን ሲያሳርረኝ ኖሯል። ካሜራው ከፎቶው ጋር አብሮ የሚመዘግበውን ሁሉ ከፍቶ ያነባል፤ ፎከሱን፣ ማለትም ሌንሱ ስንት ሜትር ላይ እንዳነጣጠረ፣ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ምን ያህል እንደተከፈተ። ከዚያ ከፊትና ከኋላ ስንት ጣት ያህል ጠርቶ እንደሚታይ ያሰላል። ማን ጠየቀህ? ማንም።

አንዲት ሙሽራ ፎቶዋን አይታ በደስታ ስታለቅስ ክቡርነታቸው ከወንበራቸው ሳይነሱ «ፎከሱ ሁለት ሜትር ከሠላሳ ላይ ነው። የጠራው የሙሽራው ክራባት ነው» አሉ። ልጅቷ ማልቀሷን አላቆመችም፤ ምክንያቱን ግን ቀየረች። ሁለቱንም ልብሳቸውን አስለብሼ እንደገና ያነሳኋቸው እኔ ነኝ። ጠረጴዛው ላይ ባለው የገዛ ልጁ ፎቶ ጀርባ እንኳ በእርሳስ «1.4 ሜትር» ብሎ ጽፏል። እንዲህም አድርጎ አባት አለ!

ባለፈው ሰኞ ግን መረረኝ። እናቴን ለመጨረሻ ጊዜ ያነሳኋትን ፎቶ ከፍቼ አያለሁ። ፊቷ ደብዝዟል። በሦስተኛው ሳምንት አረፈች፤ ከዚያ በኋላ የተነሳችው ሌላ ፎቶ የለንም። እህቴ አራት ዓመት ሙሉ «የሰውን እናት ሁሉ አጥርተህ ታነሳለህ፣ የኛን ግን አበላሸሃት» ትለኛለች። እኔም እጄ ተንቀጥቅጦ ነው ብዬ ተቀብዬዋለሁ።

«ዋናው ፋይል ነው?» አለ ከኋላዬ።

«ዞር በል ከዚህ! እናቴ ናት!»

ዞር አላለም። ወንበሩን ጎትቶ ተቀመጠ።

«እጅህ አልተንቀጠቀጠም። ፍጥነቱ ሴኮንድ ለአምስት መቶ ተከፍሎ አንዱ ነው፤ ቢንቀጠቀጥም አይታይም። ፎከስህ ሁለት ሜትር ላይ ነው፤ የሚጠራው አራት ጣት ብቻ ነው። የወንበሩን መደገፊያ እየው።»

አየሁ። የጨርቁ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል።

«ስታነጣጥር እናትህ ወንበሩን ተደግፈው ነበር። ቁልፉን ስትጫን ፊታቸው ሁለት ስንዝር ወደ ፊት መጥቷል። እጃቸውን ደግሞ እየው፤ ወንበሩን ተመርኩዘዋል። እናትህ ወደ አንተ እየተነሱ ነው።»

ያኔ ትዝ አለኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ቆመሃል ልጄ፣ ና አንተ ተቀመጥ» እያለችኝ ነበር።

ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት። «ወንበሯን ልትለቅልህ ነበራ» አለች። ከዚያ ወዲህ አበላሸሃት ብላኝ አታውቅም።

ሊቀ ሌንስ ግን ዛሬም ያው ነው። ጠዋት ኮምፒውተሩ ላይ አቀርቅሮ ሳየው ፎቶ አነሳሁትና፣ ሳይጠይቀኝ ዋናውን ፋይል ላኩለት። «ፎከሱ ጆሮዬ ላይ ነው፤ አጥፋው» ብሎ መለሰ። ደሜ ፈላ። ፎቶውን አትሜ ከእናቴ ፎቶ አጠገብ ሰቀልኩት።