ድንኳኔና የሙሽራው እናት

በእኛ አገር ድንኳን ያለ ምክንያት አይተከልም። ወይ ሰው ተድሯል፣ ወይ ሰው ሞቷል፤ ሁለቱም ካልሆነ ወታደር ሰፍሯል፣ አለዚያም ሰው ከቀዬው ተነቅሏል ማለት ነው። ድንኳን ያየ መንገደኛ መጀመሪያ ጆሮውን ይጥላል፤ ዘፈን ከሰማ ቀበቶውን አላልቶ፣ ለቅሶ ከሰማ ፊቱን ጠቆር አድርጎ ይገባል። «ሰዎቹ ለመዝናናት ነው የተከሉት» ብትሉት ግራ ይገባዋል። አይፈረድበትም። እኔም መጀመሪያ ጀርመን የገባሁ ጊዜ፣ ማሞቂያ ያለው ሙሉ ቤት ያላቸው ሰዎች የዓመት ፈቃዳቸውን ጠብቀው፣ ቤታቸውን ቆልፈው፣ ተራራ ላይ ወዳለ የመንግሥት ደን ወጥተው፣ ገንዘብ ከፍለው መሬት ላይ ሲተኙ ሳይ ጤንነታቸውን ተጠራጥሬ ነበር። አንድ ቀን ሞከርኩት። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ያልተኛሁበት ተራራ የለም ማለት ይቻላል።

ጫካ አይጠይቅማ! «ከየት መጣሽ? መቼ ትመለሻለሽ? ለምን አላገባሽም?» የማይል ጎረቤት ዛፍ ብቻ ነው። ሰው ባዕድ አገር ከመጻሕፍት ጋር ሲያረጅ ወይ ይለሰልሳል ወይ ይመራል። እኔ መርሬያለሁ። መምረር መጥፎ ነው አትበሉ፤ ግራዋም ይመራል፣ ግን ለስንቱ የሆድ ሕመም ደርሷል።

ወደ ነገሬ ልግባ። ክልሉ ገና አዲስ ሳለ፣ አሶሳ ውስጥ ቢሮ ተቋቁሞ ወንበር ይጠበቅ በነበረበት ጊዜ፣ ድንኳኔን በጀርባዬ አዝዬ መጣሁ። ወንድሜ በደርግ ዘመን ከወሎ ተነሥተው ባምባሲ አጠገብ ከሰፈሩት አንዱ ነበር፤ እዚያው አረሰ፣ እዚያው ልጅ አሳደገ፣ እዚያው ተቀበረ። ልጁ ዘሃራ አስተማሪ ሆናለች። አብሯት የሚያስተምር ኢድሪስ የሚባል የበርታ ልጅ ሊያገባት ፈልጓል። አባቷ ስለሌለ «ይሁን» ወይም «አይሁን» የምትለው የቤተሰቡ ትልቅ እኔ ሆንኩ። የልጁን ወገኖች አይቼ ቃሌን ልሰጥ ነው የመጣሁት።

የኢድሪስ መንደር ከተራራው እግር ሥር፣ ከቀርከሃው ጫካ ጥግ ነው። ዘሃራ ስለ ጫካው ስትነግረኝ ልቤ ተነሣ። የመንግሥት ደን ስለሆነ ፈቃድ ያስፈልግ እንደሆነ አሶሳ ላይ ጠየቅሁ። ወጣቱ ኃላፊ ብዙ አሰበና፣ «እማማ፣ እንጨት ለመቁረጥ ፈቃድ እንሰጣለን፤ ለመተኛት ግን ገና መመሪያ አልወጣም» አለኝ። መመሪያ ያልወጣለት ነገር የተፈቀደ ነው ብዬ ሄድኩ።

የኢድሪስ እናት ሐሊማ ባሏ የሞተባት፣ እንደ ቀርከሃው የረዘመች ሴት ናት። ግቢዋን ጠርጋ፣ አጥሯን አሳድሳ፣ በጠፍር የተጠለፈውን አንገረቧን፣ ማለትም ያላትን አንድ አልጋ፣ ለእኔ አንጥፋ ጠበቀችኝ። የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ አቀረበች። በላሁ፤ ጣቴን ላስኩ። ከዚያ ተነሣሁና፣ «እንግዲህ እኔ ጫካው ዳር ድንኳኔን ልትከል» አልኩ።

ሁሉም ዝም አሉ። ዝምታውን በጀርመን ሚዛን መዘንኩት፤ ስምምነት መሰለኝ።

የመጨረሻውን ካስማ እየመታሁ ዘሃራ እየሮጠች መጣች።

«አክስትዬ፣ ገደልሽኝ!»

«ምን አደረግሁሽ?»

«የሙሽራዪቱ ዘመድ መጥቶ የሙሽራው ቤት ካላደረ ናቃቸው ማለት ነው! ሽማግሌዎቹ ነገ ጠዋት ይቀመጣሉ። ድሮም ‹እነዚህ ሰፋሪዎች ይኮሩብናል› የሚሉ አሉ። አሁን ምን ብዬ አፌን ልክፈት?»

«ቀድመሽ አትነግሪኝም ነበር?»

«አንቺን ማን ደፍሮ ይነግርሻል?»

ድንኳኑን ነቅዬ ልግባ እንዳልል፣ መንደሩ በሙሉ አጥር ላይ ተደግፎ ያያል። አልቅሰው ለምነዋት ገባች ሊባል ነው፤ በግድ የገባ እንግዳ ደግሞ ከቀረው ይብሳል። እንዲህ እያልኩ ስመራመር ጀምበር አዘቀዘቀች። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይሏችኋል እንዲህ ነው።

ሐሊማ የመጣችው ያኔ ነው። ሰሌኗን ጠቅልላ በብብቷ ይዛለች። ድንኳኑን አንድ ጊዜ ዞረችው፤ ሸራውን በጣቷ ነካ ነካ አደረገች፤ ከዚያ በሩ ላይ ቆማ፣ አጥር ላይ ያሉት ሁሉ እንዲሰሟት ጮክ ብላ፣ «ሰላም አለይኩም፣ ባለቤት!» አለች።

«ወአለይኩም ሰላም።»

«እንግዳ ትቀበላለህ?» በእሷ አማርኛ ሴትም ወንድም አንድ ነው፤ እኔም በዚህ ዕድሜዬ ልዩነቱ አያሳስበኝም።

«ግቢ» አልኳት።

ጫማዋን አወለቀች። ውስጥ አላስገባችውም፤ መንደሩ እንዲያየው በሩ ላይ አስተካክላ ደረደረችው። ከዚያ ገብታ ሰሌኗን ዘረጋችና ተቀመጠች።

«ራበኝ» አለች።

የነበረኝ የታሸገ የዱቄት ሾርባ ነው። በትንሿ የጋዝ ምድጃዬ አፍልቼ ሰጠኋት። አንድ ጊዜ ፉት አለችና ዐይኗን ጨፈነች።

«ማነው የሠራ?»

«ፋብሪካ።»

«ፋብሪካ እናት የለውም» አለች፤ «ያስታውቃል።» ይሁንና ኮሶ እንደሚጠጣ ሰው ትንፋሿን ይዛ እስከ ጠብታው ጨረሰችው። ስንተኛ ድንኳኑ አልበቃ ብሏት እግሯ ከጉልበቷ በታች ውጭ ቀረ። «ጅብ እንዳይበላሽ» ብላት፣ «እንግዳ ይቅደም» ብላ ተገላበጠች።

ጠዋት ሽማግሌዎቹ ከማንጎው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ትልቁ ሼህ ኸድር ስለ ዝናቡ፣ ስለ እህሉ፣ ስለ መንገዱ ጠየቁኝና፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «እንግዳችን ጫካ አደሩ ይባላል» አሉ። ዘሃራ መሬት መሬት ታያለች። ኢድሪስ የጣቱን ጥፍር ይበላል። እኔ ማብራሪያዬን አዘጋጅቻለሁ፤ ረጅም ነበር።

ሐሊማ ቀደመችኝ።

«ጫካ ማነው ያደረ? እኔ ነኝ እንግዳ! እሱ ቤቱን ይዞ መጣ። ከሩቅ አገር፣ በጀርባው፣ ቤቱን ተሸክሞ መጣ! ከእናንተ ለልጅ ብሎ ቤቱን የተሸከመ ማነው? በሩ ከፈተ፣ አበላ፣ አስተኛ። ጫማዬ በሩ ላይ ነበር፤ ያላየ አለ?»

ያላየ አልነበረም።

«ምን አበሉሽ?» አሉ ሼህ ኸድር።

«ሾርባ።»

«ጥሩ ነው?»

ሐሊማ ዐይኗን ሳትሰብር፣ «በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ቀምሼ አላውቅም» አለች።

ሐሰት አልተናገረችም።

ሼሁ ወደ እኔ ዞሩ። «እንዲህ ነው? ቤትዎን ይዘው ነው የመጡት?» በሕይወቴ «አዎ» ማለት ሲበቃ በማብራሪያ ያበላሸሁት ነገር ቢጻፍ መጽሐፍ ይወጣዋል። ወደ ዘሃራ ተመለከትኩ። «አዎ» አልኩ። «ልጃችሁም ልጃችን ነው።» ፋቲሐ ተቀራ፤ ሴቶቹ እልል አሉ፤ ዘሃራ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ነገሩ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ። ሼህ ኸድር ግን ፍርዳቸውን አልጨረሱም ነበር። «እንግዲህ ሐሊማ እርስዎ ቤት ካደረች፣ ዛሬ ተራው የእርስዎ ነው» አሉ፤ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው።

እናም ያን ቀን እንደ መሸ ከአንገረቡ ላይ ተጋደምኩ። አልጋው ምቹ ነው፣ ክፉ አልናገርም። ሐሊማ ግን፣ «ቤቱ ባዶ አያድርም» ብላ ጎረቤቶቿን አስከትላ ድንኳኔ ውስጥ ገብታለች። እግራቸውን ውጭ ጥለው እየተጋፉ የሚስቁት ሳቅ እስከ እኔ ይሰማል። ይህን ሁሉ ዘመን፣ በዚያ ሁሉ ተራራ ላይ ስተክላት፣ ከዚያች ድንኳን ሳቅ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም ነበር። ተነሥቼ ልቀላቀላቸው አሰብኩ። ምን ዋጋ አለው? ስትሠራ ለአንድ ሰው ነው የተሠራችው።