አትነቃነቂ

ሰው ሁለት ዓይን ለምን እንደተሰጠው አስባችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አንዱ መጠባበቂያ ይመስለኝ ነበር። ለካ የሁለቱ እይታ ትንሽ ስለሚለያይ ነው ቅርቡ ቅርብ፣ ሩቁ ሩቅ የሚሆነው።

ይህን ካወቅሁ ወዲህ በስልኬ ሁሉን ነገር ሁለቴ ፎቶ አነሳለሁ። በግራ እግሬ ተደግፌ አንድ፣ ወደ ቀኝ አዘንብዬ ሌላ። ከዚያ ጎን ለጎን አድርጌ፣ ከጫማ ካርቶንና ከሁለት ማጉያ መስታወት በሠራሁት ሣጥን አያቸዋለሁ። የጨፋ ሜዳ ማሽላ እጅ ዘርግተው የሚቆርጡት ይመስላል።

ሕጉ አንድ ነው፤ የሚነሳው አይነቃነቅ። የባቲ ገበያ ግመል ይህን ስላልሰማ ባለ ሁለት አንገት ሆኖ ወጣ። ጎረቤታችን አያ ሙሄ በሣጥኑ አዩና፣ «ኩን ማሊ? ምንድነው ይሄ? ባቲዎች በአንድ ግመል ዋጋ ሁለት መሸጥ ጀመሩ እንዴ?» አሉኝ።

ከግመሉ የባሰችው ልጄ ሐያት ነበረች። «አትነቃነቂ» ስላት «እሺ አባዬ» ትላለች። የግራውን አንስቼ ወደ ቀኝ እስካዘነብል በር ላይ ናት። ግድግዳው፣ ወንበሩ፣ ባልዲው ቁልጭ ብለው ይወጣሉ። ልጅቷ ብቻ ጉም።

ባለፈው ክረምት ትኩሳት ወሰዳት። አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ይባላል። እኛም የነበረችን አንዲት ናት፤ አፈሩ ዘንድ የሄድነው ግን ለጨዋታ አልነበረም።

ለቅሶ የመጡ ዘመዶች እንደ ወጉ እናቷ እንዳታይ ልብሷንም ፎቶዋንም ደበቁ። «ሰብር አድርጊ፣ ቻይው» አሏት። ሚስቴ ዘይነብ ሰብሩን አበዛችው፤ የልጅቷን ስም እንኳ መጥራት ተወች።

እኔ ከስልኬ ሐያት ያልተነቃነቀችበትን ጥንድ ፈለግሁ። አንድ አገኘሁ፤ ታማ ተኝታ ያነሳኋት። እጅ የምትነካ ትመስላለች። ሕጉን ያከበረችው ያን ቀን ብቻ ነው። ደግሜ አላየሁትም።

ወደ ተበላሹት ተመለስኩ። እያየሁ ግራ ዓይኔ አቃጠለኝና ጨፈንኩት። በቀኙ ሐያት በር ላይ ናት። ቀኙን ጨፍኜ ግራውን ስገልጥ ወንበሩ ጋ ናት። አፈራረቅሁ። ሮጠች።

ዘይነብን ጠራኋት። «ፎቶ አላይም ብዬሃለሁ» አለች። ሣጥኑን እጇ ላይ አስቀመጥኩላት። «ዓይንሽን አፈራርቂ» አልኳት። አስጠግታ አንዱን ዓይኗን ጨፈነች፣ ከዚያ ሌላውን።

«ሐያት፣ ጫማሽን አድርጊ እንጂ» አለች።

አሁን ከሰዓት በኋላ ደጃፍ ተቀምጠን ሣጥኑን እንቀባበላለን። አያ ሙሄ ዓይናችንን ስናርገበግብ አይተው፣ «ባልና ሚስት በጠራራ ፀሐይ ትጠቃቀሳላችሁ?» ብለው አለፉ።

እናንተም ልታነሱት ስትሉ ልጃችሁ ከሮጠ ተዉት። ቆሞ ፎቶ ለመነሳት ግድግዳው አለ።