ከዲናሞው እግር ሥር

መርዶው የደረሰኝ ማክሰኞ ነው። ማለዳ ጎረቤቴ ኦቦ ቶለራ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ሰበታ ቤቴ በር ላይ ቆሙ። በእጃቸው የባሌን መነጽርና የሽቦ ብሩሹን ይዘዋል። "ጀባዹ፣ በርቺ" አሉኝ። እኔ ደግሞ "ቁጥሩን አንብቦ ጨርሶ ነበር?" አልኳቸው። ምን ልበል ታዲያ?

ባሌ ታደሰ መካኒክ ነበር። ከአሮጌ ቮልስ በቀር ሌላውን መኪና ብሎ አይጠራም። ሱሉልታ የሄደውም አንድ ገዢ ያሰባትን ቮልስ የሞተር ቁጥር ሊያነብለት ነው። እዚያው እንዳጎነበሰ ልቡ ቆመ።

ቁጥሩ የሚገኘው ከዲናሞው እግር ሥር ነው። ፊደሉ የሞተሩን ዓይነት ይናገራል፤ አኃዙ ስንተኛ እንደተሠራ። ከዚያ ዕድሜዋን ታሰላላችሁ። ሰሌዳ ይቀየራል፣ ቀለም ይቀየራል፣ ሻጭ ይዋሻል። "መገመት የለም፤ ጥረጊና አንብቢ" ይለኝ ነበር። የሰበታን ቮልሶች በሙሉ በቁጥራቸው አውቃቸዋለሁ።

ታዲያ ቄሱ የክርስትና ስሙን ቢጠይቁኝ አላውቀውም! ፍትሐት ደግሞ ያለ እሱ አይሆንም። የጫንጮው ወንድሙ "ኃይለ ሚካኤል ነው" አለ። አክስቱ "ኃይለ ገብርኤል ነው፤ ሲጠመቅ አንተ ተወልደህ ነበር?" ብለው ጮኹበት። ቄሱ ለጊዜው ሁለቱንም ጠሩ። ለአንድ ሞተር ሁለት ቁጥር! ባሌ እንዲህ ያለችውን መኪና ማንንም አያስገዛም ነበር።

አርባው ሊደርስ ሦስት ቀን ሲቀረው ጭንቄ በረታ። የማንን ነፍስ ነው የምናስምረው? ሲከፋኝ ደግሞ የምጠርገው ነገር እፈልጋለሁ። ግቢያችን የቆመችውን የራሱን ቮልስ ከፈትኩ። የእሷን ቁጥር አስነክቶኝ አያውቅም፤ "በቃሌ አውቀዋለሁ፣ አትድከሚ" ይለኝ ነበር። ግሪሱን ጠረግሁ። ቁጥሩ አለ። ከጎኑ ደግሞ በነጥብ በነጥብ የተመታ ጽሑፍ፦ ወልደ ሰንበት። ከሥሩ፦ ወለተ ጻድቅ።

ወለተ ጻድቅ እኔ ነኝ። አንድ ቀን ነግሬው እንደሆነ እንጃ። የእኔን የክርስትና ስም ሞተሩ ላይ መትቶ አስቀምጦታል፤ እኔ የእሱን ጠይቄው አላውቅም። እዚያው ብሩሹን ይዤ ቁጭ አልኩ።

ኦቦ ቶለራ መጥተው አንገታቸውን አስግገው አዩ። "አስናቀች፣ በዚህ ቦሎ አይሰጡሽም" አሉኝ።

አይስጡኝ። አርባው በስሙ ወጣ። እናንተም ስትጸልዩ ወልደ ሰንበትን አስቡልኝ። አደራ፣ በግምት እንዳትጠሩ። እስካሁን በእኛ ጸሎት ገነት የገቡት ሁለት የማላውቃቸው ሰዎች ይበቃሉ።