ለዓይን የተተከለ እንሰት

ሰው ሆዱ ሲሞላ ዓይኑ ይርበዋል። የሚጠራጠር ካለ ጀርመን አገር ይምጣና አንድ ቅዳሜ ከአጥር ማዶ ቆሞ ጎረቤቱን ይመልከት። ድንች ሊያበቅል የሚችለውን መሬት ሣር ያለብሰዋል፤ ሣሩ ብቅ ሲል በማሽን ይላጨዋል፤ የተላጨውን ወስዶ ይጥላል፤ ከዚያ ቶሎ እንዲያድግ ውኃ ያጠጣዋል። ከብት የለውም። ፍየል እንኳ የለውም! ለምን ብላችሁ ግን እንዳትጠይቁት። እኔ ጠይቄ ሁለት ሰዓት ሙሉ ታሪክ ተነግሮኛል።

የነገረችኝ ፍራው (ወይዘሮ እንደማለት ነው) ኬስለር ናት። ፍራንክፈርት ዳር፣ አንድ የጓሮ አትክልት ማኅበር ግቢ ውስጥ፣ የእሷና የእኔ ቁራሽ መሬት በአጥር ይዋሰናሉ። ክላይንጋርተን ይሉታል፤ ፎቅ ላይ ለሚኖር ሰው የሚከራይ ጓሮ ማለት ነው። ለዚያች ቁራሽ አራት ዓመት ተራ ጠብቄያለሁ። ፍሉግሃፈን፣ አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ የሰው ሻንጣ ሲጭን ለሚውል ሰው፣ ጎመኑን እየቀጠፈ ከልጁ ጋር ቁጭ የሚልባት ሌላ ቦታ የለችም። ሕጓ ግን ከመሬቷ ይሰፋል። አጥር ከደረት አይበልጥም፣ በቀትር አይቆፈርም፣ ሙዚቃ አይከፈትም። ሁሉንም እሺ ብዬ ፈርሜያለሁ።

ፍራው ኬስለር ጡረታ የወጣች የታሪክ መምህርት ናት፤ የዘላለም ፍቅሯም የቪክቶሪያ ዘመን የእንግሊዝ አትክልት ነው። እንደነገረችኝ ከሆነ፣ በዚያች ንግሥት ዘመን እንግሊዞች መስታወት ሲረክስላቸው የመስታወት ቤት እየሠሩ ለሙቀት አገር ተክል መኖሪያ ሰጡት። የሚላጨው ሣር በየግቢው የተስፋፋው ያኔ ነው። ፈርን ለሚባል አበባም ፍሬም ለሌለው ቅጠል አገሩ በሙሉ ያበደበት ጊዜ ነበር። ተራራ የናፈቀው ሀብታም ግቢው ውስጥ ድንጋይ አስቆልሎ ተራራ ያሠራል። (እኛ ተራራ ሰልችቶን ወደ ሜዳ እንሰደዳለን።) አበባውን ደግሞ በየቀለሙ ለይተው እንደ ስጋጃ መሬት ላይ ያነጥፉትና መሃሉ ላይ ከሩቅ አገር በመርከብ የመጣ አንድ ባለግርማ ተክል ያቆሙበታል።

ፍራው ኬስለርም ቀይና ቢጫ አበባዋን አንጥፋ መሃሉ ላይ ባለግርማውን አቁማለች። እንሰት!

አዎ፣ ቆጮ የሚሆነው እንሰት። ብርድ ሲመጣ መስታወት ቤት ይገባል፤ ሙቀት ሲመጣ በአራት ሰው ሸክም ይወጣል። አይበላም፤ ይታያል። እኔ የአዲስ አበባ ልጅ ስለሆንኩ ነገሩ ብዙም አልከነከነኝም። መዘዙ የመጣው አማቼ አቶ ብርጋ ከጉራጌ አገር ለሦስት ወር ሊጠይቁን ሲመጡ ነው።

በአጥሩ ላይ አሻግረው ለረጅም ጊዜ ከተመለከቱ በኋላ፣ “ይቺ ሴት ዘመድ የላትም?” አሉኝ።

“ለምን አባባ?”

“ያላት እንሰት አንድ ብቻ ነው።” ድምፃቸው ለቅሶ ቤት የገባ ሰው ድምፅ ነበር። “እሱንስ ማን ይፍቅላታል?”

በእሳቸው አገር ወንድ ይተክላል፣ ሴት ቆርጣ ለቆጮ ትፍቃለች። አንድ እንሰት ብቻ ያለው ቤት ደግሞ ቤት አይባልም። ፍራው ኬስለር በበኩሏ የተክሏን አገር ሰው በማግኘቷ ተደስታ፣ በእኔ አስተርጓሚነት የልቧን አጫወተቻቸው። “ስምንት ዓመት ሆነው። እንደ ሙዝ ከሥሩ ልጅ አያወጣም። ቢሞትብኝ ምን እንደምሆን አላውቅም።” አንድ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩ። አማቼ ራሳቸውን ነቀነቁ። “ይወልዳል በላት።” ይህንንም ተረጎምኩ። እሷ ሳቀች።

በሳምንቱ የእንግሊዝ አትክልት ልትጎበኝ ሄደች። ለአሥር ቀን ውኃ እንዳጠጣላት ቁልፏን ሰጠችኝ። እኔ ፈረቃዬ፣ ሺሽት የሚሉት፣ ደርሶብኝ ነበርና ቁልፉን ለአማቼ አሳለፍኩት። ጫማዬን እያሰርኩ፣ ቀና እንኳ ሳልል፣ “አባባ፣ እንሰቱን አደራ” አልኩ። አደራ የሚባል ቃል ለእንዲህ ዓይነት ሰው ተሰጥቶ ሥራ አይኬድም።

በሦስተኛው ቀን ስደርስ ባለግርማው የለም። ቅጠሉ አጥሩ ሥር ተከምሯል። ግንዱን ከጉልበት በታች ቆርጠው፣ ጉቶውን ነቅለው፣ መሃሉን ፈልፍለው፣ በፈረስ ፍግ ሞልተው መልሰው ቀብረውታል። ከስጋጃው አበባም ግማሹ አብሮ ተቀብሯል። አማቼ እጃቸውን ይታጠባሉ።

“አባባ! ምን አደረጉ?”

“ልቡን ካላወጡለት ልጅ አይሰጥም” አሉኝ በእርጋታ። “ራስህ አይደለህ፣ ልጅ አጣሁ ብላ አለቀሰች ያልከኝ?”

አለቀሰች አላልኩም። ግን እንደዚያ ነው የተረጎምኩት ማለት ነው።

ፍራው ኬስለር ስትመለስ አልጮኸችም። ብትጮህ ምንኛ በወደድኩ! የእኛ ሰው ይጮሃል፣ ሽማግሌ ይላክበታል፣ ይታረቃል። እሷ ግን አጥር ለአጥር እየተያየን ለማኅበሩ ደብዳቤ ጻፈች። ማኅበሩም በነሐሴ መጨረሻ ስብሰባ ላይ መሬቴን ስለመንጠቅ ድምፅ እንደሚሰጥ በደብዳቤ አሳወቀኝ። በሯን አንኳኩቼ፣ “ይወልዳል” አልኳት።

“መቼ?”

አማቼን ጠየቅኳቸው። “እንሰት በቴርሚን አይወለድም” አሉ። ቴርሚን ቀጠሮ ነው። መጥተው የተማሯት አንዲት የጀርመን ቃል እሷ ናት፤ ለዚህ ዋለች።

“እስከ ስብሰባው እጠብቃለሁ” አለች ፍራው ኬስለር። ዓይኗ ግን ቀልቶ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከመሬቱ ይልቅ የሚያንገበግበኝ እሱ ሆነ።

ሰኔ አለፈ። ሐምሌ አለፈ። ልጄ በየቀኑ በአጥሩ አሻግራ ታይና “ኒክስ፣ ፓፓ” ትለኛለች። ምንም የለም ማለቷ ነው፤ አማርኛውን እያወቀችው። አማቼ “ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል” ይሉኛል። ተረቱን አውቀዋለሁ። እንቁላሉ ግን የማኅበር ስብሰባ የለበትም! በሰውዬው ተናድጄ ነበር፤ በተርጓሚው ደግሞ ይበልጥ። ቪዛቸው አልቆ ስሸኛቸው እንኳ ይቅርታ ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ትከሻዬን ይዘው “እንዳትቆፍረው” ብቻ ብለው ገቡ።

ስብሰባው ሦስት ቀን ሲቀረው ትዕግሥቴ አለቀ። ሞቶም ከሆነ ቁርጤን ልወቅ ብዬ አካፋዬን ይዤ በማለዳ አጥሩን ተሻገርኩ። አካፋውን ገና ከማንሳቴ ከመስታወት ቤቱ ውስጥ “አትቆፍር!” የሚል ጩኸት መጣ። ፍራው ኬስለር ናት፤ በሌሊት ልብሷ፣ ያውም ስትጮህ። ለካ እሷም እዚያው እያደረች፣ በየማለዳው እየተነሳች ስትጠብቅ ኖራለች። ተንበርክካ በጣቷ አሳየችኝ። እንደ ጣት የቀጠነ ቀላ ያለ ቡቃያ አፈሩን ሰንጥቆ ወጥቷል። ከጎኑ ሌላ። ከዚያ ማዶ ሌላ።

በስብሰባው ቀን ደብዳቤዋን ራሷ ቀደደችው። በመስከረም ቡቃያው ሠላሳ ስምንት ደረሰ። አማቼን በቫይበር ስንደውልላቸው ፍራው ኬስለር አጠገቤ ወረቀት ዘርግታ ነበር፤ ሠላሳ ስምንቱን በክብ በክብ የምትደረድርበትን አዲስ የቪክቶሪያ ንድፍ ይዛ።

“በሚመጣው ዓመት ከባለቤታቸው ጋር እንዲመጡ ጋብዣቸዋለሁ በላቸው” አለችኝ። “የቪዛውን ወረቀት እኔ እፈርማለሁ። ባለቤታቸውም ስለ እንሰት ያውቃሉ?”

ተረጎምኩ። አማቼ ሳቁ። “እሷ ናት እንጂ አዋቂዋ! እኔ እኮ ተክዬ መሄድ ነው። እስቲ ጠይቃት፤ ቢላዋዋንና የእንሰት መፋቂያዋን ይዛ ትምጣ?”

“ምን አሉ?”

“መሣሪያዋን ይዛ ትምጣ ወይ ነው የሚሉት” አልኳት።

“እንዴታ!” አለች ፍራው ኬስለር እያጨበጨበች።

ቀሪውን ልተረጉምላት አፌን ከፈትኩ። ከዚያ ባለፈው አንድ ቃል ሳላጎድል ተርጉሜ የደረሰብኝን አስታወስኩና መልሼ ዘጋሁት።