የማያጠራቅሙት አሚ ዙሄይር

አሚ ዙሄይር በየማለዳው፣ ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ የኮምፒውተራቸውን ጎን በጣታቸው ሁለቴ መታ መታ ያደርጉና “ገብቷል?” ይሉታል። ጆሯቸውን አስጠግተው ዲስኩ ሲያጉረመርም ካልሰሙ አይቀመጡም።

ተጽፎ ካላየ የማያምን ሰው በየመሥሪያ ቤቱ አንድ አይጠፋም። የዚህ ወገን ታላቅ አለቃ ግን የደረሱት ለእኛ የዓሣ አጥማጆች ማኅበር ነው። በሬዲዮ ክፍሉ ያለን አራታችን ፊት ለፊት አሚ፣ አጎቴ፣ እንላቸዋለን፤ በሌሉበት ግን “ክቡር አሁኑኑ”።

በወደብ ከተማችን በማህዲያ ገበያ ሲወጡ ቲማቲም ገዝተው ለባለቤታቸው ለሱአድ ይደውላሉ፤ ሽንኩርት ገዝተው እንደገና ይደውላሉ። አንድ ቀን ሱአድ ሰልችቷት “አንተ ሰውዬ፣ ሁሉንም ይዘህ አትመጣም?” ብትላቸው፣ “መንገድ ላይ ብሞትስ? ቲማቲሙን እንኳ መግዛቴን እወቂው” አሏት። ሰርዲኑንም ከመኪናው አንድ አንዱን ነው የሚያወርዱት ይባላል፤ ይህን በዓይኔ አላየሁም።

የጀልባዎችን ቦታ የሚመዘግበውን ፕሮግራም ሲ በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት እሳቸው ናቸው። በዚያ ቋንቋ ወደ ፋይል የሚላክ ጽሑፍ መጀመሪያ ባልዲ ውስጥ እንደሚጠራቀም ውኃ ነው፤ ዝም ካሉት ሳይሞላ አይደፋም። መስመር ባለቀ ቁጥር ድፋ ማለት ይቻላል። ጭራሽ አታጠራቅም፣ ጠብታውን ሁሉ ወዲያው ልቀቅ ማለትም ይቻላል። አሚ ዙሄይር ይህን የመጨረሻውን ትእዛዝ ከእያንዳንዱ ፋይል አናት ላይ ያኖራሉ። ማሽኑ ያቃስታል፤ እኛም አብረን እናቃስታለን።

በተቀጠርኩ በሁለተኛው ወር ያቺን መስመር አጠፋኋት። ሥራው በረረ። ምሳ ሰዓት ላይ ደረሱበት። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሃሪሳ የሚባል የበርበሬ ድልህ የተቀባ ዳቧቸውን ለሁለት ቆርሰው ወደ ወደቡ ጠርዝ ይዘውኝ ሄዱ።

“ፕሮግራሙን መጀመሪያ ስጽፍ የሞከርኩት ስክሪን ላይ ነበር፣ ልጄ” አሉኝ። “ስክሪን ላይ እያንዳንዱ መስመር ወዲያው ይወጣል። በዓይኔ አየሁትና አመንኩ። ወደ ፋይል ሳዞረው ያው ፕሮግራም ማጠራቀም ይጀምራል ብዬ አላሰብኩም።”

ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት፣ በማዕበል ቀን፣ የወደቡ መብራት ጠፋ። ኮምፒውተሩ ሲዘጋ ያልተደፋው ባልዲም አብሮ ጠፋ። ውስጡ የታናሽ ወንድማቸው የላዝሃር ጀልባ የመጨረሻ ቦታ ነበር። ላዝሃር አልተመለሰም።

መስመሯን መልሼ ጻፍኳት። በማግስቱ አሚ ዙሄይር ማሽኑን ሁለቴ መቱ፣ አዳመጡ፣ ተቀመጡ። ከዚያ ወዲህ እኔም ቲማቲም በገዛሁ ቁጥር ለእናቴ እደውላለሁ።

በዚህ ሳምንት ጡረታ ይወጣሉ። ለማኅበሩ ጋዜጣ ስለሳቸው እንድጽፍ ታዘዝኩና ፈቃዳቸውን ጠየቅኩ። ስለ ቲማቲሙም ጻፊ፣ ይሳቁ፤ ስለ ወንድሜም ጻፊ፣ ጀማሪዎች ይማሩበት አሉኝ።

ቁም ሣጥናቸውን ሳራግፍላቸው ግን አንድ የቆየ ወረቀት አገኘሁ፤ የጎረቤት ወደብ ሬዲዮ የዚያ የማዕበል ቀን መዝገብ ግልባጭ ነው። ሸክም የማወርድላቸው መስሎኝ እየሮጥኩ ወሰድኩላቸው። ሳያነቡት አጣጠፉት። ከአደጋው ሳምንት ጀምሮ ያውቁት ኖሯል።

“ይቺን ግን ተያት” አሉኝ፣ ወረቀቱን መልሰው እጄ ላይ እያኖሩ። “ጥፋቱ የኔ ከሆነ በየቀኑ የማስተካክለው ነገር አለኝ። የባሕሩ ከሆነ ምን አደርጋለሁ?”

ዓይን አፋር ነኝና እሺም እምቢም ማለት አቃተኝ። ዝምታዬን እንደ እሺታ ቆጥረውት ከሆነ ይቅር ይበሉኝ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ይህ ነው፦ የላዝሃርን የመጨረሻ ጥሪ ጎረቤት ወደብ ሰምቶታል፤ የነፍስ አድን ጀልባዎች በአርባ ደቂቃ ውስጥ ትክክለኛው ቦታ ደርሰዋል፤ ባሕሩ ባዶ ነበር።